ጌራ የጠፋችበት ማክሰኞ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ ሬዲዮ ጥገና ስጽፍ “የፀሐይ ማዕበል” የምትል ቃል ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ቃሏ ደብዳቤ አመጣችብኝ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው ሱቄ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝም አለ። አራቱን መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት 26 ዓመት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሬዲዮና ሞባይል እጠግናለሁ። ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ከሰማይ ጋር የተዋወቅኩት በጆሮዬ ነው። ያልገባኝን እየጠየቅኩ፣ እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

*

“ጋሼ፣ ጅማ መርካቶ የቡና ነጋዴ ነኝ። ልጆቼ ፌስቡክ ላይ ‘የፀሐይ ማዕበል መጥቶ ኢንተርኔት ለወራት ይጠፋል፣ ስልክ ይቃጠላል’ የሚል አይተው ማታ ማታ ስልኬን አጥፍተው ይደብቁብኛል። የአዲስ አበባን ዋጋ የምሰማው በዚያው ስልክ ነው። ነገሩ እውነት ነው?”

እህቴ፣ ስልክዎን ያስመልሱ።

መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት። ፀሐይ አንዳንዴ የጋለ ጋዝ ከነማግኔቱ እንደ ደመና ትተፋለች። ያ ደመና መሬትን ሲመታ ማግኔቷ ይናወጣል፤ የሚናወጥ ማግኔት ደግሞ በአጠገቡ ባለ ረጅም ሽቦ ውስጥ ማንም ሳይጠራው ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ችግር የሚሆነው ሽቦው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ሲዘረጋ ነው። ስልክዎ ውስጥ ያለው ሽቦ ከጣትዎ አይረዝምም፤ አይቃጠልም።

ረጅሙን ሽቦ ግን እውነት ይጎዳል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሥልጣን ከመያዛቸው ሃያ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859፣ ሪቻርድ ካሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የፀሐይን ጥቁር ነጠብጣቦች በወረቀት ላይ ሲስል ድንገት ነጭ ብርሃን ቦግ ሲል አየ። ከ17 ሰዓት ተኩል ግድም በኋላ የዓለም ቴሌግራፍ ተተራመሰ። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ኦፕሬተሮች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ሰማይ ሽቦው ላይ በለቀቀላቸው ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት ተለዋውጠዋል። የሙያ ባልደረቦቼ ናቸውና በዚህች ታሪክ ትንሽ እኮራለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 1981 ደግሞ ካናዳ ውስጥ የኩቤክ የኤሌክትሪክ መረብ በ90 ሴኮንድ ግድም ውስጥ ወደቀ። 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጣ። ኩቤክ ለማግኔቱ ዋልታ ቅርብ ናት፤ ከሥሯ ያለው ጥንታዊ አለት ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ስለሚል ጉልበቱ ሁሉ ወደ መስመሩ ገባ። እኛ ከዋልታው ሩቅ ነን። ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ ፀሐይን ከመክሰስዎ በፊት ሽቦው ላይ የወደቀ ዛፍ እንዳለ ያጣሩ።

ኢንተርኔቱ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በመስታወት ክር ውስጥ፣ በብርሃን ነው። ብርሃኑን የማግኔት ንውጥውጥ አይነካውም። የሚያሳስበው በውቅያኖስ ወለል ላይ በየርቀቱ ብርሃኑን የሚያጎሉት መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ መሥራታቸው ነው፤ እሱም ይበልጥ ለዋልታ ቀረብ ያሉትን ረጃጅም መስመሮች ይመለከታል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ዓርብ ግንቦት 2 ቀን 2016 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የት ነበሩ? በዚያች ሰዓት መሬትን የመታው ማዕበል በአምስት ደረጃ ከሚመደበው አምስተኛው ነበር፤ ያን የመሰለ ከ1996 ወዲህ አልታየም። አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች መስመራቸውን ስተው በዘር ወቅት ቆሙ። እኔ ጎረቤት ቤት ሦስተኛውን ቡና እየጠጣሁ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልክ ላይ ሆና ከልጇ ጋር ስትጨቃጨቅ አመሸች።

*

“ጋሼ፣ አጋሮ አካባቢ ቀያሽ ነኝ። መጋቢት ውስጥ ቤዝ ስቴሽኑን (አንድ ቦታ ቆሞ የሚመዘግበውን የጂፒኤስ መቀበያ) ከማታ እስከ ንጋት ተክለን ዳታ ስንመዘግብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ተቆራርጦ ይገኛል። የቀረው ንጹሕ ነው። መሣሪያውን የሸጠልን ሰው ‘የፀሐይ ማዕበል ነው’ ይላል። አለቃዬ ‘ዘበኛው ነካክቶት ነው’ ይላል። ማናቸው ልክ ናቸው?”

ሁለቱም አልደረሱበትም። ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቁት።

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የኛን ሰማይ ከሌላው የሚለየው ነገር በትክክል የገጠመህ አንተን ነው። ካርታ ላይ የምታየው የምድር ወገብ ከእኛ በስተደቡብ በኬንያ ያልፋል። ሌላ ወገብ ግን አለ፤ የማግኔቱ ወገብ። ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ የሚችል የማግኔት መርፌ እዚያ ላይ ቢንጠለጠል ወደ የትም ሳያዘነብል ልክ በውሃ ልክ እንደተለካ ጋደም ይላል። ያ መስመር ኢትዮጵያን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣል፤ ከጅማም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ዘመቻ፣ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ቄስ አዲስ አበባ ላይ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ሥራ ሲያስጀምሩ አንዱ የቦታው ዋጋ ይኸው ነበር።

ቀን ቀን፣ ከአናታችን 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ በዚያ ወገብ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ከዚያም በላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይሉታል። ይህ ንብርብር በእኛ በኩል ቀን ሙሉ ወደ ላይ ሲገፋ ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሟሽሻል፤ የላይኛው ግን እንደወፈረ ይቆያል። ወፍራሙ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው አጠገብ ቁም። ከሥር ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ሰማዩም እንደዚያው ቡልቅ ይላል፤ አረፋዎቹ ግን በመቶ ኪሎ ሜትር የሚለኩ ናቸው፣ ወደ ምሥራቅም ይንሳፈፋሉ።

የጂፒኤስ ሳተላይት ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚልከው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ያን አረፋ ሲያቋርጥ ይርገበገባል፤ ኮከብ በአየር ምክንያት እንደሚርገበገብ። መሣሪያህ ደግሞ የምልክቱን ሞገድ እየቆጠረ ነው የሚሠራው፤ ሲርገበገብበት ቁጥሩ ይጠፋውና ከአንድ ይጀምራል። አንተ “ተቆራርጦ” ያልከው እሱን ነው።

ሰዓቱን ራስህ ነግረኸኛል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት። ወሩንም ነግረኸኛል፤ መጋቢት። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ፣ ደግሞም ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይበረታል። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ግድም አንዴ ትግላለች፤ በጋለችባቸው ዓመታት ይብሳል። የአሁኑ ዑደት ጣሪያ ላይ መድረሱ የተነገረው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ነበር።

ሻጩ ግማሽ እውነት አለው፤ ነገሩ ከፀሐይ ነው። ማዕበል ግን አያስፈልገውም። ፀሐይ ጨዋ ሆና በዋለችበት ቀንም ማታ ገንፎው ይፈላል። እንዲያውም ማዕበል ሲመጣ አንዳንዴ አረፋውን ያፍነዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያባብሰዋል፤ እንደመጣበት ሰዓት ነው።

ስለ ሥራህ፦ በእነዚህ ወራት ጠቃሚውን ምዝገባ ቀን ላይ ወይም ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ አድርገው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ ካላችሁ ሁሉንም ክፈት፤ አረፋው አንዱን ቢሸፍን ሌላው በሌላ አቅጣጫ ይተርፍሃል። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ ምልክቱ አዮኖስፌርን ሲያቋርጥ የሚገጥመውን የተለመደ መዘግየት ያርማል፤ መርገብገቡን ግን አያስቀርም፤ ሻጭ “ያስቀራል” ካለህ ዋጋውን አትጨምርለት።

*

“እኔ የጅሬን ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ 71። የፀሐይ ማዕበል ባለበት ቀን ራስ ያማል፣ ዝናብም ያስቀራል ይላሉ። እንዴት ነው?”

አባቴ፣ ዝናባችን የሚሠራው ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙም በማያልፍ ከፍታ ነው። ማዕበሉ የሚጫወተው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አይገናኙም። እኛን ደግሞ ይህ ሁሉ አየር ከልሎናል። ራስዎን ካመመዎ ደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ።

*

“ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ጅማ። ግንቦት 2016 ላይ የውጭ አገር ሰዎች ሮዝና አረንጓዴ ሰማይ ፎቶ አነሡ፤ እኛ ለምን አላየንም? ሁለተኛ፣ ዝናብ ከሦስት ቀን በፊት ይተነበያል፤ ፀሐይን ለምን አስቀድሞ መናገር አይቻልም? ሦስተኛ፣ እርስዎ ራስዎ ገጥሞዎት ያውቃል?”

ልጄ፣ ሦስት ጥያቄ በአንድ ፖስታ ልከሻል፤ ብልህ ነሽ።

ቀለሙን የሚሠሩት ከፀሐይ የመጡ ቅንጣቶች በማግኔቱ መስመር ላይ እየተንሸራተቱ ወርደው አየሩን ሲመቱ ነው። መስመሮቹ ወደ መሬት የሚወርዱት በዋልታዎቹ በኩል ነው። ለቀያሹ እንደነገርኩት በእኛ አናት ላይ መስመሩ ጋደም ያለ ነው፤ መውረጃ ደረጃ የለውም። ያን ማታ ቀለሙ ወደ ታች ሜክሲኮ ድረስ፣ ከእኛ አህጉር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ታይቷል። ጅማ ላይ የታየው የተለመደው የግንቦት ደመና ነው።

እኛ የደረሰን ሌላ ድርሻ ነው። የፀሐይ ፍንዳታ ከባድ ኤክስሬይ ይረጫል፤ ያ ጨረር በብርሃን ፍጥነት በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይደርሳል። የሚመታው ቀን የሆነበትን የመሬት ገጽ ብቻ ነው፤ ክፉኛ የሚመታው ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ የቆመችበትን። ጅማ ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 28 ግድም። በሌላውም ጊዜ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ቀለሙ የሰሜኖቹ፣ የሬዲዮ መታፈኑ የኛ ነው።

እንዴት እንደሚታፈን ላስረዳሽ። የአያቶችሽን ቤት አስቢ፦ ላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአቡጀዴ ኮርኒስ። አጭር ሞገድ ሬዲዮ ወደ ላይ ተወርውሮ ከቆርቆሮው ነጥሮ እንደሚመለስ ኳስ ነው። ቆርቆሮው የላይኛው አዮኖስፌር ነው። ኮርኒሱ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሌላ ንብርብር ነው፤ በደህናው ቀን ስስ ስለሆነ ኳሱ ሰንጥቆት ያልፋል። ኤክስሬዩ ሲመጣ ግን ኮርኒሱ በአንድ አፍታ እንደ ፍራሽ ይወፍራል። ኳሱ እዚያው ተውጦ ይቀራል፤ ከሌላ ቤት የተወረወረውም እንደዚሁ።

ወደ ትንበያው ልምጣ። ዝናብን ከሦስት ቀን በፊት የምናውቀው ደመናው ከመድረሱ በፊት የሚያየው ሰው ስላለ ነው። ፍንዳታን ግን ቀድሞ መጥቶ የሚነግርሽ ነገር የለም፤ ወሬው የሚጓዘው በብርሃን ነው፣ ጉዳቱም በብርሃን፤ አንድ ላይ ደጅ ይደርሳሉ። የሚቻለው ጥቁር ነጠብጣቦቹን አይቶ “ይህኛው ተወሳስቧል፣ ዛሬ ለከባድ ፍንዳታ እድሉ ከመቶ ይህን ያህል ነው” ማለት ብቻ ነው። ፀሐይም በ27 ቀን ግድም እየዞረች ስለሆነ ጀርባዋ ላይ የሚበስለው ዞሮ እስኪመጣ በደንብ አይታይም።

የጋዙ ደመና ሌላ ነው። እሱ ዘገምተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ሲነሣ ከሕዋ ሆነው በካሜራ ያዩታል። የግንቦቱን አሜሪካኖቹ ቀድመው አስጠንቅቀው ነበር፤ የአራተኛ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። የመጣው ግን አምስተኛ ደረጃ ሆነ። ለምን ተሳሳቱ ብለሽ አትፍረጂባቸው። ከተበላሸ ስፒከር ሁለት ማግኔት አውጥተሽ ፊት ለፊት አቀራርቢያቸው፤ በአንዱ ገጽ ይገፋፋሉ፣ ብታዞሪው ይጣበቃሉ። ደመናውም የራሱ ማግኔት አለው። ወደ ሰሜን ካዘነበለ የመሬት ማግኔት ይመልሰዋል፤ ወደ ደቡብ ካዘነበለ ተጣብቆ በሩን ይከፍተዋል። የትኛው እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። የሚታወቀው ከእኛ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ ቀርበው የቆሙት ሳተላይቶች ሲነኩት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ሚኒባስ ከጅማ ሰቃ እስኪደርስ በሉት።

ሦስተኛው ጥያቄሽ። አዎ፣ ገጥሞኛል፤ ሲገጥመኝ ግን አላወቅሁትም።

ጥቅምት 17 ቀን 1996፣ ማክሰኞ ነው። በኤስኤስቢ፣ ማለትም በአጭር ሞገድ የመነጋገሪያ ሬዲዮ፣ ከየወረዳው ጋር በተራ እንገናኝ ነበር። ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምረን ሌሎቹን ጨረስን፤ የመጨረሻው ተራ የጌራ ነው፣ 8 ሰዓት ከ10 ላይ። “ጌራ፣ ጌራ፣ ጅማ ነኝ፣ ይሰማል? ኦቨር።” ዝም። ደጋግሜ ጠራሁ። ጌራ ያለው ኦፕሬተር በሰዓት አክባሪነቱ የሚታወቅ፣ ድምፁ ቀጠን ያለ ልጅ ነበር። እኔም በመዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ “8፡12 ጌራ አልመለሰም። ጫጫታም የለም።”

በማግስቱ መዝገቡን አለቃችን አየው። “በርጫ ላይ ነበር ማለት ነው” አለ። ልጁ ሬዲዮው አጠገብ እንደነበር፣ እሱም ሲጠራ መዋሉን ማለ፤ የሚሰማው አልነበረም። የሦስት ቀን ደሞዝ ተቀጣ። ማስረጃው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ወረቀት ሲያስወግድ መዝገቤን ለምኜ ወሰድኩት። ከዓመታት በኋላ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የትልልቅ ፍንዳታዎችን ዝርዝር ሲያሳየኝ አንዱ ላይ ዓይኔ ተተከለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2003፣ ከሁሉም በላይ ባለው ኤክስ በሚሉት ምድብ 17ኛ ነጥብ፤ ጣሪያ የነካው በግሪንዊች አቆጣጠር 11፡10 ላይ። ሦስት ሰዓት ደመርኩበት። በእኛ ከቀኑ 8፡10። ደመናው ደግሞ 19 ሰዓት ግድም ተጉዞ በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደርሷል፤ አለቃችን መዝገቡን ሲያገላብጥ ማለት ነው።

“ጫጫታም የለም” የምትለዋ ናት የምታናድደኝ። አንድ ጣቢያ ሲዘጋ የሰማዩ ጫጫታ፣ ያ ሹሹታ፣ ይቀጥላል። ሹሹታው ራሱ ሲጠፋ፣ አንቴና እንደተቆረጠ ያህል ጸጥ ሲል፣ ጥፋቱ ከሰው አይደለም፤ ኮርኒሱ ወፍሯል። በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ ጽፌ፣ ትርጉሙን አላወቅኩም።

አሁን አውቃለሁ። መስከረም 23 ቀን 2017፣ ኢሬቻ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሱቄ ውስጥ አጭር ሞገድ ከፍቼ የአንድ ደንበኛ ስልክ ስበይድ 9፡18 ላይ ጣቢያውም ሹሹታውም አብረው ሰመጡ። ማታ ሳጣራ ኤክስ 9 ነበር፤ በዑደቱ እስከዚያ ቀን ከታዩት ትልቁ፣ የተመታውም በዋናነት የአፍሪካና የደቡብ አትላንቲክ ሰማይ።

የጌራውን ልጅ አፈላልጌ ስልኩን አገኘሁ። ልጅ አይደለም አሁን፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር ያመርታል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፀሐይዋን፣ ሰዓቱን፣ ኮርኒሱን። ዝም ብሎ ሰማኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ይሰማል?” አልኩት።

“ይሰማል” አለኝ። “መዝገቡ እጅህ ላይ አለ?”

“አለ።”

“እንግዲያው አርመው።”

ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ፣ ከ8፡12 መስመር ሥር “ጌራ ቦታው ላይ ነበር” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ማየት ከፈለግሽ ሱቄ ነይ፤ ከመደርደሪያው ላይ ከመልቲሜትሩ አጠገብ ነው ያለው።